አጥር የሚፈተነው ከእግሩ ነው

ጎንደር ላይ ከፒያሳ ተነስታችሁ ወደ ከተማዋ ዳር ብትሄዱ አጥሩ በየሰፈሩ ይለዋወጣል። መሃል ላይ የነገሥታቱ ግቢ ቅጥር አለ፤ 900 ሜትር ያህል የሚረዝም የድንጋይና የኖራ ሥራ። ከእሱ ወጣ ስትሉ ብሎኬት ይመጣል፤ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተተከለበት። ቀጥሎ ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ የባሕር ዛፍ አጣና። ወደ አዘዞ ወይም ወደ ጠዳ ስትቃረቡ ደግሞ እሾህ ይጀምራል። አጋም፣ ቁልቋል፣ ቀጋ፣ አንዳንድ ቦታም ተቆርጦ የተከመረ የግራር ቅርንጫፍ።

ብዙ ሰው ይህን የሀብት ደረጃ አድርጎ ነው የሚያየው። ያለው በግንብ፣ የሌለው በእሾህ ያጥራል ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በደንብ የተመረጠና በደንብ የተያዘ ሕያው የእሾህ አጥር ከብሎኬት አያንስም። በአንዳንድ ነገር እንዲያውም ይበልጠዋል።

ነገሩን ቁጭ ብዬ እንዳስብበት ያደረገችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ከከተማ ወጣ ባለ ቦታ ቤት እየሠራች ነው። የሲሚንቶውም የብረቱም ዋጋ አልቀመስ ብሎ ግንብ ማጠሩን ትታዋለች። አንድ ቀን ደውላ «እስኪ አንተ የእሾህ ነገር ትወዳለህ፤ የቱን ብተክል ነው ሌባ የማያስገባልኝ?» አለችኝ። እኔም «ከአጥሩ ውጭ ማን ነው የሚያልፈው?» ብዬ ጠየቅኳት። ምክንያቱም የእሾህ አጥር ለአንድ ሌባ ብቻ አይተከልም። ሌባው የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። በየቀኑ በአጥሩ ሥር የሚያልፉት የትምህርት ቤት ልጆች፣ ከብቶችና ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ናቸው።

መጀመሪያ ግን ስለ ሌባው እንነጋገር። ሌባ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ፍጥነትና ዝምታ። ግንብ ሁለቱንም አይከለክለውም። መሰላል ወይም የጓደኛ ትከሻ ይበቃዋል። የጠርሙስ ስባሪው ላይ ጆንያ ወይም ወፍራም ጋቢ ጣል ያደርግበታል፤ አለቀ። ቆርቆሮ ደግሞ ምስማሩ ይነቀላል። እንዲያውም ቆርቆሮው ራሱ ተሸክመውት የሚሄዱት ንብረት ነው። ጥቅጥቅ ባለ አጋም ውስጥ ግን ቸኩሎ የሚያልፍ ሰው የለም። እሾሁ ልብስ ይይዛል፣ ቅርንጫፉ ይሰበራል፣ ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል። ውሻ የሚነቃው ያኔ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ረጅም ግንብ ሌባውን ከገባ በኋላ ይሸሽገዋል። አንዴ ከዘለለ ጎረቤት አያየው፣ መንገደኛ አያየው፤ ተረጋግቶ ይሠራል። ደረት ድረስ የሚደርስ አጥር ግን ግቢውን ለሰፈሩ ዓይን ይተወዋል። ጠዋት በረንዳ ላይ ቆመው ቡና የሚቆሉት እትዬ እገሊት የማያውቁትን ሰው በእናንተ ጓሮ ካዩ ዝም አይሉም። ይህ ከጠርሙስ ስባሪ የበለጠ ጥበቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው የእሾህ ተክል ሲመርጥ የሚያየው የእሾሁን ርዝመት ነው። መታየት ያለበት ግን እግሩ ነው። በእሾህ አጥር ላይ ማንም አይዘልም። የሚገባው በሥሩ ነው። ጅብም፣ ውሻም፣ ፍየልም እንደዚያው። ብዙ አጥር ከላይ ለምልሞ ከታች ይራቆታል። ከመሬት እስከ ጉልበት ያለው ባዶ ግንድ ብቻ ይሆናል። በዚያ ቀዳዳ ልጅ ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ልጅ ከገባ ደግሞ አዋቂም በሆዱ ተስቦ ይገባል። ስለዚህ አጥር መመዘን ከፈለጋችሁ ቁጢጥ በሉና ከታች ተመልከቱ። በወዲያ በኩል የሚያልፍ ሰው እግር ከታያችሁ ያ አጥር ገና አጥር አልሆነም።

ቁልቋል በዚህ ፈተና ይወድቃል። በእኛ አገር ገጠር የቁልቋል አጥር የትም አለ፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። ቅርንጫፉን ቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን አቆይቶ መሬት ላይ ማቆም ብቻ ነው። ውሃ አይለምንም፤ ፍየልም አይበላውም። ልጅ እያለ ተጠጋግቶ ከቆመ ጥሩ ያጥራል። እያደገ ሲሄድ ግን ዛፍ ይሆናል፤ ቅርንጫፉ ሁሉ ወደ ላይ ይሰበሰብና ከታች ግንዱ ብቻውን ይቀራል። ደግሞም ወተቱ አለ። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ልጆች በዱላ እየመቱ የሚጫወቱበት መንገድ ዳር ቁልቋል መትከል አልወድም።

የእህቴ ቦታ ላይ አንድ ወገን አሮጌ የቁልቋል ረድፍ አለ። ከታች ባዶ ነው። እሷ ያሰበችው ከሥሩ አጋም ተክላ ቀዳዳውን ለመድፈን ነበር። ሐሳቡ ሲሰሙት ደስ ይላል። እናታችን ግን ሰምታ ሳቀችና «ልጄ፣ አጋም የተጠጋ ቁልቋል እንዳለቀሰ ይኖራል ሲባል አልሰማሽም እንዴ?» አለቻት። እህቴ ይህን ተረት የምታውቀው ክፉ ጎረቤት ስለገጠመው ሰው ሲነገር ነው። ሄዳችሁ ብታዩት ግን እውነተኛ ነገር ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የአጋሙ እሾህ የቁልቋሉን ሥጋ ይወጋዋል፤ ከእያንዳንዷ ቀዳዳ ነጭ ወተት ይወርዳል። ግንዱ ላይ ከላይ እስከ ታች ወተት ወርዶ የደረቀበት መስመር ይታያል። ቁልቋሉ በዚህ አይሞት ይሆናል። አጥሩን የሚከረክመው ሰው ግን ሁልጊዜ ከወተቱ ሥር ጎንበስ ብሎ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አትትከሉ። ለዚያ ወገን የወሰንነው አባቶቻችን ሲያደርጉት የነበረውን ነው፤ ከቁልቋሉ ሥር ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ካብ መካብ። ድንጋይ እንደሆነ ጎንደር ውስጥ አልጠፋም።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ አጋም ነው። ይህን የምለው ፍሬውን ስለምወድ ብቻ አይደለም። አጋም ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን አያረግፍም። ቅርንጫፉ ከመሬት ጀምሮ ይወጣል፤ በተከረከመ ቁጥር ደግሞ ከታች ይበልጥ ይደፍናል። እሾሁ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከቅጠሉ መውጫ ላይ ይቆማል፤ ጠንካራና ቀጥ ያለ ነው። ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ። አበባው ከውስጥ ነጭ፣ ከጀርባው ቀላ ያለ ሲሆን ሽታው ማታ ማታ ግቢውን ሙሉ ይሞላዋል። ንብ ይወደዋል። ፍሬው መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲበስል ይጠቁራል፤ ጣፋጭ ነው፣ ከንፈር ላይ ግን ወተቱ ይጣበቃል። ልጅ ሆነን የአጋም ፍሬ ስንለቅም ክንዳችን ሁሉ ተጫጭሮ ነበር ቤት የምንገባው። ያም ሆኖ በነጋታው እንመለሳለን።

ይህ የፍሬ ነገር ለጥበቃም ይጠቅማል። ልጆች የሚሰበሰቡበት፣ ሴቶች ቆም ብለው የሚያወሩበት አጥር ሰው የሚያየው አጥር ነው። አንድ ቅርንጫፍ ቢጣመም፣ አንድ ቀዳዳ ቢከፈት ቀድመው የሚያውቁት ልጆች ናቸው። ማንም የማይጠጋው ግንብ ግን ከኋላው ቢቦረቦር የሚያየው የለም።

ከአጋም ቀጥሎ ኮሽም አለ። እሾሁ ከአጋም ይረዝማል፤ ፍሬው ሲበስል ቢጫና ብርቱካንማ ይሆናል፣ ኮምጣጣ ነው። አጥሩ ሲደፍን የሚያስገርም ነው፤ ድመት እንኳ ዞራ ትሄዳለች። ሁለት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ ኮሽም ወንድና ሴት ተክል አለው። ከዘር ካፈላችሁት አንዳንዱ ወንድ ስለሚሆን ዕድሜ ልኩን ፍሬ አይሰጥም፤ ለአጥር ግን ልዩነት የለውም። ሁለተኛ፣ ያ ረጅም እሾህ ጠባብ መንገድ ዳር በልጅ ዓይን ቁመት ላይ ሲወጣ ያስፈራል። ኮሽም ቦታው የጓሮ ወሰን ነው፣ ወይም ደግሞ መስኮት ሥር። መስኮት ሥር ዝቅ ተደርጎ የተከረከመ ኮሽም ካለ በማታ መጥቶ መስታወት የሚነካካ ሰው አይኖርም።

ቀጋ ሌላ ዓይነት ውበት ነው። ከሰሃራ በታች አገር በቀል የሆነ ብቸኛው ጽጌረዳ እሱ ነው፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ኩራት ይሰማኛል። ነጭ አበባው ሲፈነዳ መንገደኛ ያቆማል፤ ቀይ ፍሬውን እረኞች ይበሉታል። እሾሁ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ልብስ ይይዛል። ችግሩ ብቻውን ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ የሚደገፍበት ይፈልጋል። ለዚህ ኮርችን የመሰለ ነገር የለም። ወፍራም የኮርች ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ እንደ ቋሚ ብትተክሉት ሥር ይሰድዳል፣ ቅጠል ያወጣል፣ ቀይ አበባ ያብባል። ግንዱም እሾህ አለው። በየጥቂት ሜትሩ ኮርች እያቆማችሁ ቀጋውን ብትጠላልፉበት የማይበሰብስ ቋሚ አገኛችሁ ማለት ነው፤ ምስጥም አይበላው። ከኮርች ዝርያዎች አንዱ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። በሳይንሳዊ ስሙ ደግሞ ጀምስ ብሩስ የተባለውን የስኮትላንድ መንገደኛ ስም ይዟል።

ብሩስን ካነሳሁ ስለ ቀንጠፋ ሳልናገር አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ይህ ሰው ስለ አገራችን ተክሎች ብዙ ጽፏል፤ ከጻፈባቸው አንዱ ቀንጠፋ ነው። ንጉሡ ወደ ዘመቻ ከመውጣታቸው በፊት አዋጅ ይነገር ነበር ይላል፤ የምሄድበትን አላውቅምና ቀንጠፋውን በአራቱም ማዕዘን ቁረጡ የሚል። ትእዛዙ ለየአገሩ ሹም ነው። ንጉሡ በየት በኩል እንደሚያልፉ ስለማይነገረው ሁሉንም መንገድ ማጽዳት ግዴታው ነበር። ብሩስ እንደሚተርከው ወጣቱ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በፈረስ ሲያልፉ ቀንጠፋ ፀጉራቸውንና የተከናነቡትን ልብስ ይዞ ፊታቸውን በሰው ፊት ገለጠው። የአገሩ ሹም ማን ነው ብለው ጠየቁ። ሹሙ ሽማግሌ ነበር፤ ከልጁ ጋር መጣ። ሁለቱም እዚያው ተሰቀሉ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያን ሽማግሌ አስበዋለሁ። በአንድ ቅርንጫፍ ምክንያት አባትና ልጅ ሞቱ።

ቀንጠፋን በቅርብ ያየ ሰው ንጉሡን የያዘበት ምክንያት ይገባዋል። እሾሁ ወደ ኋላ የተቀለበሰ መንጠቆ ነው። ስትገቡ ዝም ይላል፤ ስትወጡ ነው የሚይዘው። ወደ ፊት ብትጎትቱ ይብሳል፤ ወደ መጣችሁበት መለስ ብላችሁ መንጠቆውን አንድ በአንድ ማላቀቅ አለባችሁ። እየቸኮለ ላለ ሌባ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ቀያይ ክንፍ ያላቸው ፍሬዎቹም ከሩቅ ያምራሉ። ይሁን እንጂ ሰው በሚያልፍበት በኩል አልመክርም። ሌላ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ይንጠላጠላል፣ በየአቅጣጫው ይዘረጋል፤ በመቀስ የሚገራ ተክል አይደለም። ከግቢው ጀርባ ገደል ወይም ሸለቆ ካለና ማንም የማያልፍበት ከሆነ ይሁን።

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው። የተቆረጠ የግራር እሾህ ለአንድ በጋ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ምስጥ ይበላዋል፣ በየዓመቱ ሌላ ግራር ይቆረጥለታል። ደረቅ ስለሆነም እሳት ይፈራል። ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያጥን አጠገቡ ደረቅ የእሾህ አጥር ያለው ሰው እንቅልፍ የለውም። የወፍ ቆሎን አትትከሉ። አበባው ቢያምርም ከብት ይመርዛል፤ ፍሬውን ወፍ እየበላ የሰው ማሳ ሁሉ ውስጥ ይዘራዋል። የበለስ ቁልቋልም ከግቢ ወጥቶ ይስፋፋል። በዓይን የማይታየው ደቃቅ እሾሁ ደግሞ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ቀናት ያሳክካል። ቡጋንቪላ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ቢሆንም ከተማ ውስጥ ለምደነዋል፤ ሽቦ ላይ ሲወጣ ጥሩ ይደፍናል። እግሩ ግን እንደ ቁልቋሉ ይራቆታልና ከሥሩ ካብ ያስፈልገዋል።

አተካከሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ አጥር የሚበላሸው እዚህ ነው። ዘሩን ከበሰለ ፍሬ ወዲያው አውጥቶ ማፍላት ይሻላል፤ የቆየ የአጋም ዘር አያስተማምንም። ችግኙ መሬት የሚገባው ክረምቱ ሲጠና፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው። አንድ ቀጥ ያለ ረድፍ አይበቃም። ሁለት ረድፍ አድርጋችሁ በችግኝና በችግኝ መሃል ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ተዉ፤ የሁለተኛው ረድፍ ችግኝ በመጀመሪያው ክፍተት ትይዩ ይሁን። ጉድጓዱ ውስጥ የበሰበሰ ፍግ ጨምሩ። ከዚያ የመጀመሪያው ጠላት ሌባ ሳይሆን ፍየል ነው። ለጋ አጋም ለፍየል ድግስ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሁለት ዓመት የደረቀውን ግራር ከውጭ አስታኩት፤ እዚህ ላይ ግራሩ በትክክል ይጠቅማል።

ቀጥሎ ልብ የሚጠይቀው ሥራ ይመጣል። ችግኙ ጉልበት ሲደርስ ጫፉን ቁረጡት። ሰው ይህን ማድረግ ይከብደዋል፤ ቶሎ ቁመት እንዲጨምር ነው የሚፈልገው። ካልተቆረጠ ግን ወደ ላይ ይሮጥና ከታች ይራቆታል። ሲቆረጥ ከጎን ያቆጠቁጣል፣ እግሩ ይደፍናል። ሲያድግም ቅርጹ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይበል። ከላይ ከሰፋ ጥላው የታችኛውን ቅጠል ብርሃን ነስቶ ይገድለዋል። ሦስት አራት ክረምት ታገሡት። ትዕግሥቱ የሌለው ሰው ብሎኬት ይግዛ፤ እኔ አልፈርድበትም።

እሾህ ላጣሪው፣ ነገር ለፈጣሪው ይባላል። መጀመሪያ የሚወጋው አጥር የሚያጥረው ሰው ነው። የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል፣ ጠንካራ ጫማም ያስፈልጋል። እሾህ በጥልቀት ከወጋችሁ ደግሞ ነቅሎ መርሳት አይገባም፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታ በእንዲህ ዓይነት ቁስል ይገባልና ክትባታችሁን ጠይቁ። የተከረከመውን እሾህ ደግሞ መንገድ ላይ አትጣሉ። በባዶ እግሩ የሚሄድ ልጅ አለ። የባጃጅ ጎማም አለ።

የእህቴ ጎረቤት አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ስለ አጥሩ ሲሰሙ መጡና «ልጄ፣ እሾሁ ያንቺ ነው፤ ቅርንጫፉ ግን የሚያድገው በእኔ ጓሮ ነው» አሏት። ትክክል ናቸው። ሕያው አጥር ይወፍራል፣ ወደ ሁለቱም ወገን ይዘረጋል። በእኛ አገር ደግሞ በአንድ ክንድ ድንበር ስንት ቤተሰብ ተቆራርጧል። እህቴም «ጋሼ፣ ከድንበሩ ግማሽ ሜትር ወደ እኔ አስገብቼ ነው የምተክለው። በእርስዎ በኩል ያለውንም በየዓመቱ አስከረክማለሁ፤ ፍሬው ደግሞ የእርስዎ ነው» አለቻቸው። «ምንድን ነው የምትተክይው?» አሉ። «ኮሽም» አለች። ትንሽ አሰቡና የልጅ ልጆቻቸው በዚያ በኩል እንደሚጫወቱ ነገሯት። ስለዚህ በእሳቸው ወገን ኮሽሙ ቀርቶ አጋም ይሆናል። ይህን ንግግር ከመትከል በፊት ማድረግ ከየትኛውም የእሾህ ምርጫ ይበልጣል። ከጎረቤት ጋር ተጣልቶ የታጠረ አጥር የሚጠብቀው አንድ ዓይን ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር አሁን ያለንበት ጊዜ ቀላል አይደለም። መሣሪያ የያዘን ሰው የእሾህ አጥር አይመልሰውም፤ ብሎኬቱም አይመልሰውም። እሾህ የሚመልሰው ዶሮ የሚሰርቀውን፣ የተሰጣ ልብስ የሚለቅመውን፣ በግ ፈልጎ የሚዞረውን ጅብና መንገድ ያሳጠረ መስሎት በሰው ግቢ የሚያቋርጠውን ነው። የብዙዎቻችን የየዕለት ጭንቀትም ይኸው ነው።

የቀረው የመንገድ ዳሩ ወገን ነው። እህቴ ቀጋ በኮርች ትላለች፤ አበባው ለአላፊ አግዳሚው እንዲታይ። እኔ አጋም እላለሁ። በበሩ ምሰሶና በአጥሩ መጀመሪያ መሃል ያለችው ስንጥቅ ላይ ግን ተስማምተናል። ሰው ሲገባና ሲወጣ እንዳይጫር ብሎ ሁልጊዜ እዚያ ክፍተት ይተዋል፤ ሌባም የሚያውቃት እሷን ነው። እዚያ ካብ ይገባል፤ ካቡም ምሰሶው ድረስ ይጠጋል። አጋሙ ከካቡ በኋላ ይጀምራል።